ከወልቂጤው ጉባኤ መልስ

ማክሰኞ፣ ጥር 6 ቀን 2006፣ ቡታጅራ

ዛሬም እንደ ወትሮው። ሱቅ ከፈትኩ፣ ሚስማር ሸጥኩ፣ ማጠፊያ ሸጥኩ። ቆርቆሮ የጠየቀ የለም።

ከዐስር ሶላት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ ልጅ መጣ። ሊገዛ መስሎኝ ሚዛኑን አነሳሁ። ለካ ደብዳቤ ይዞ ነው። ወልቂጤ ላይ የቤት ልማትና የሪል እስቴት ጉባኤ አለ፣ ሁለት ቀን። ከየከተማው አንድ የቤት ማህበር ሊቀመንበር ይላክ ተብሎ ከቡታጅራ እኔ ተመርጫለሁ።

"ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ከኢንጂነር ጋር ምን ያወራል?" ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና፣ "ጋሽ ሰማን፣ መጋቢት ሠላሳን ግን እንዳይረሱ" አለኝ።

መች ረሳሁ። እስከ መጋቢት ሠላሳ ግንባታ ካልጀመርን የማህበሩ መሬት ተመላሽ ይሆናል። የአሥራ ሁለት ቤት መሬት...

ዓርብ፣ ጥር 9

ከጁምዓ መልስ ጀማሉ ግቢ ተሰበሰብን። ጀማሉ የማህበሩ ጸሐፊ ነው። ባጃጅ ይነዳል፣ አፉ ደግሞ ከባጃጁ ይፈጥናል።

"ጋሽ ሰማን ወልቂጤ ደርሶ ሪል እስቴት ሆኖ ነው የሚመለሰው! ከእንግዲህ በቀጠሮ ካልሆነ አናገኘውም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰፍያ ብቻ አልሳቀችም። በርበሬ ነጋዴ ናት። አራት ልጆቿን ይዛ ሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው።

"ሳቁን ተዉትና፣ ፈቃዱ ለምንድነው የማይወጣው? ሁለት ዓመት ሙሉ?" አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"ማዘጋጃ ቤት እያጓተተን ነው" አልኩ። እንደ ሁልጊዜው።

"እንግዲያው እዚያ የሚሰማህ ሰው ካገኘህ ንገርልን። በአቅማችን ፕላን የሚሠራልን ሰው ፈልግልን፣ ጋሽ ሰማን። እኔ እንደሆነ ከዚህ በላይ መኖር አልችልም።"

እሺ አልኳት። ዱዓ ተደረገ። አሚን ስል እጄ ከበደኝ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ዛሬ አልጽፈውም።

ረቡዕ፣ ጥር 14፣ ወልቂጤ

በአረቅጥ በኩል መጣሁ። አውቶቡሱ አቧራውን እያስነሳ የተወለድኩበትን አገር በመስኮት አሳየኝ። ጀፎሮው እንዳለ ነው፦ መሃሉ ሰፊ ሣር፣ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሀጀራን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት እንዲህ ዓይነት ሣር ላይ ነው፣ የአጎቷ ልጅ ሰርግ ዕለት። አላህ ይዘንላት። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆናት።

ሆቴል አልጋ ይዘውልናል። ስሜ የተጻፈበት ባጅም አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። "አቶ ሰማን ሁሴን፣ ሊቀመንበር።" መስታወት ፊት ቆሜ አየሁት። የሌላ ሰው ባጅ ያጠለቅኩ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ዛሬ ብዙ ነው የምጽፈው። እንዳይጠፋብኝ።

አዳራሹ ከአዲስ አበባ በመጡ ሰዎች ተሞልቷል። ሱፍ፣ ላፕቶፕ፣ ሽቶ። የመጨረሻው መደዳ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንዲት ወጣት መጥታ ተቀመጠች። ሰርካለም ትባላለች፣ የሕንፃ መሐንዲስ ናት፣ የጉብሬ ልጅ። መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሠርታ አሁን ወልቂጤ የራሷን ቢሮ ከፍታለች። ወደ ፊት ለምን እንደማትሄድ ብጠይቃት፣ "ከኋላ ሁሉም ይታያል፣ ጋሼ። ማን እንደሚያንቀላፋ ሳይቀር" አለችኝ። ሁለተኛው መደዳ ላይ አንድ ባለሥልጣን እውነትም ያንቀላፋ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተናጋሪዎች በቁጥር አደከሙን። ሦስተኛው ግን... አቶ ገብረእግዚአብሔር ይባላሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ የክስታኔ ሰው። በልስን ሠራተኝነት ጀምረው ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ ሕንፃ ያሠራሉ። ወረቀት አልያዙም። ስለ ትርፋቸው ሊያወሩን ነው ብዬ ስጠብቅ ስለ ጥፋታቸው ጀመሩ።

"የመጀመሪያውን ሕንፃዬን ስጨርስ ምንም የጎደለው የለም አልኩ። ሃያ አራት ቤት። ውሃው አለ፣ መኪና ማቆሚያው አለ። ስድስት ወር ሳይሞላ አንድ አባት አረፉ። ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ታጣ። ለቀስተኛው ከምድር ቤት፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ የፈሰሰ ዘይት ላይ ተቀመጠ። ባለቤታቸው ጠሩኝና፣ 'ልጄ፣ እዚህ ቤት ሰው አይሞትም ብለህ ነው የሠራኸው?' አሉኝ።"

ያንቀላፋው ሰውዬ እንኳ ነቃ።

"ፕላኑን የሠራው ሌላ ነው ብዬ ማመካኘት እችል ነበር። ግን ፈርሜበታለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ።

ሦስት መቶ ሰው ፊት፣ በማይክሮፎን! ያን ያህል ሀብት ያለው ሰው እንዲህ ሲናገር በዕድሜዬ አልሰማሁም። ከዚያ ወዲህ ከወለሉ በፊት የሰው መቀመጫ የሚሆን ባዶ መሬት እንደሚለኩ ነገሩን። አጨበጨብኩ፣ መዳፌ እስኪግል። ውስጤ ግን ሌላ ነገር ተነሳ... ቆይ።

ከሻይ በኋላ አንድ ወጣት ባለሙያ ከውጭ አገር የመጣ ሥዕል ግድግዳው ላይ አሳየን። ቤቶቹ ትይዩ ናቸው፣ መሃሉ ሣር። "አዲስ አስተሳሰብ ነው" አለ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ለራሴ ብዬ፣ "ይሄማ ጀፎሮ ነው" አልኩ። ሰርካለም ሰማችኝ።

"ይናገሩት እንጂ ጋሼ!"

"ኧረ ተይኝ ልጄ።"

እጇን አወጣችልኝ። የራሷን እጅ፣ በእኔ ፈንታ! ማይክሮፎኑ መጣ። "እኛ አገር ይሄ አለ። ጀፎሮ ይባላል። ማንም አያጥረውም፣ ማንም አያርሰውም። ሰርጉም ለቅሶውም እዚያው ነው። በርህን ስትከፍት ጎረቤትህን ታያለህ፣ እሱም ያይሃል። ይኸው ነው" ብዬ ቁጭ አልኩ። አቶ ገብረእግዚአብሔር ከመድረክ ዞረው ፈለጉኝ። "አያቶቼ የሚያውቁትን ረስቼ ነው እንግዲህ የተዋረድኩት" አሉ። ሰው አጨበጨበ። ለኔ!

ቀጥሎ የመድረኩ መሪ፣ "አሁን የኔትወርኪንግ ሰዓት ነው" አለ። ምን እንደሆነ ሰርካለምን ጠየቅኳት።

"መተዋወቅ ነው፣ ጋሼ።"

"መተዋወቅ ሰዓት ይያዝለታል እንዴ?"

ሳቀች። ሰዎቹ ግን እየመጡ ካርዳቸውን ይሰጡኝ ጀመር። ብሎኬት አምራች፣ የባንክ ሰው፣ ቀለም አስመጪ። ስለ ጀፎሮ የጠየቁኝም አሉ። እኔ የምሰጠው ካርድ የለኝም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ስሜንና የአባቴን ስም ነገርኳቸው። አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ስቆጥራቸው አሥራ ሰባት ናቸው። አሥራ ሰባት ሰው ስሙንና ስልኩን አምኖ ሰጠኝ። ቀላል ነገር ነው?

ዓርብ፣ ጥር 16

ጠዋት የሰማሁት፦ አንድ ማህበር ለሁሉም ቤት አንድ ፕላን ካሠራ ወጪው በጣም ይቀንሳል። የውጭው ግድግዳ አንድ ዓይነት ይሁን፣ የውስጡን ክፍል እያንዳንዱ ይምረጥ። እኛስ? አሥራ ሁለታችን በአሥራ ሁለት ዓይነት ቤት ስንጨቃጨቅ ከርመናል።

ሰርካለምን አዋየኋት። ዋጋዋን ነገረችኝ፣ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ደስ አለኝ። ከዚያ ያን ጥያቄ አመጣችው።

"የግንባታ ፈቃዱስ ምን ሆነ?"

"ማዘጋጃ ቤቱ..."

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ማዘጋጃ ቤት ሠርቻለሁ። ፋይሉ ከተሟላ ሁለት ሳምንት አይፈጅም። ያልተሟላው የማን ነው?"

"ጁምዓ ደረሰ" ብዬ ተነሳሁ። ኹጥባው ሊጀመር ገና አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር።

መስጊዱ በረንዳ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። አሁን ልጻፈው። ያልተሟላው የኔ ፋይል ነው፤ የአንዱ ካልተሟላ የማህበሩ ፈቃድ አይወጣም። መሬቱ በባልና ሚስት ስም ነው የተመዘገበው፣ የኔ በሰማንና በሀጀራ። ስትሞት የሞት ማስረጃዋን ከቀበሌ አውጥቼ ማስገባት ነበረብኝ። አወጣሁ። አላስገባሁም። ካስገባሁት ስሟን ይሰርዙታል። የሱቁ መሳቢያ ውስጥ፣ ከማጠፊያው ሥር ሁለት ዓመት ተቀምጧል።

ቤቱን የፈለገችው እሷ ነበረች። እኔማ ምን አደርግበታለሁ? ልጄ ፈቲሀ አግብታ አዲስ አበባ ናት። እኔ ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል ትበቃኛለች፣ ሰው የማይመጣባት። እንዲህ እያልኩ... ሰፍያና አራት ልጆቿ አንዲት ክፍል ውስጥ ከረሙ። ሐዘን ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ሐዘን ብቻ ነው? ሐዘንተኛ ይዋሻል? ማዘጋጃ ቤት ነው ያልኩበት ምላስ አላህን በተስቢሕ የማወድስበት ያው ምላስ አይደለም?

ሽማግሌው ሦስት መቶ ሰው ፊት ተናገሩት። እኔ አሥራ አንድ ሰው ፈራሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ቡታጅራ ገባሁ። መሳቢያውን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

እሑድ፣ ጥር 18

ዛሬ ራሴን ጉድ አደረግኩ።

ሰው ስልኩን ሰጥቶህ መንገድ ሲሄድ፣ በሰላም መግባቱን ትጠይቃለህ። አባቴ ያሳደገኝ እንደዚያ ነው። ሱብሒ ሰግጄ እንደጨረስኩ አሥራ ሰባቱን ካርድ ደርድሬ መደወል ጀመርኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። እኛ ዘንድ ሰው በዚያ ሰዓት ሱቅ ይጠርጋል። ለካ የአዲስ አበባ ሰው እሑድ እስከ ሦስት ሰዓት ይተኛል!

"ሃሎ... ማን ልበል?"

"ሰማን ነኝ፣ ከቡታጅራ። ጉባኤው ላይ የተዋወቅን።"

"እሺ... ምን ፈልገው ነው?"

"ምንም። በሰላም መግባትዎን ልጠይቅ ነው።"

ሁሉም ግራ ይገባዋል። የባንኩ ሰው ብድር የምጠይቅ መስሎት፣ "ሰኞ ቢሮ ይምጡ" ብሎ ዘጋው። የቀለም አስመጪው ሚስት አንስታ፣ "በዚህ ሰዓት የምትደውልለት ሴት ናት ብዬ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ። ባሏ ከኋላ ሲስቅ ይሰማኛል። አምስቱ አላነሱም። ብሎኬት አምራቹ ግን ቆይቶ፣ "ጋሼ፣ ጎማ ፈንድቶብኝ መንገድ ላይ ነው ያደርኩት። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም" አለኝ። አሥር ደቂቃ አወራን። ብሎኬት ስትፈልጉ ንገሩኝ አለ።

አቶ ገብረእግዚአብሔር ነቅተው ነበር፣ ከቅዳሴ በፊት። "ከጉባኤው ወዲህ ሃያ ሰው ደወለልኝ፣ ሁሉም የሚፈልገው ነገር ነበረው። አንተስ?" አሉኝ።

"እኔ እንኳን..." አልኩና ቆምኩ። "አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ጥፋትዎን ሲናገሩ አልፈሩም?"

"ለመጀመሪያ ጊዜ ስናገር ለሴትየዋ ለራሳቸው ነበር፣ ለቅሶው መሃል። ያኔ ልሞት ደርሼ ነበር። ማይክሮፎኑማ ቀላል ነው፣ ወዳጄ።"

ይህን ሲሉኝ የማደርገው ታወቀኝ። ሰርካለምን መጨረሻ ላይ ደወልኩላት። ደህንነቷን ጠይቄ፣ "ያልተሟላው ፋይል የኔ ነው" አልኳት። ስለ ሀጀራ ነገርኳት፣ ስለ መሳቢያው ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። በመጨረሻ፣ "ፕላኑን ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ወረቀቱን ግን እርስዎ ነዎት የሚወስዱት። ለአባሎቹም እርስዎ ነዎት የሚነግሩት፣ ጋሼ" አለች። ልጄ ትሆናለች በዕድሜ። እንደ እናት ተናገረችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ማዘጋጃ ቤት በር ድረስ ሄድኩ። ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ዛሬ ገባሁ። ያ ደብዳቤ ያመጣልኝ ልጅ ፋይሉን አወጣ፣ ወረቀቱን አነበበ፣ ቀኑን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ። ማስመሪያ አምጥቶ ሀጀራ ከሚለው ስም ላይ ቀስ ብሎ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። ዝም ብሎ በእጁ ጭሮት ቢሆን ይቆጨኝ ነበር... ማስመሪያ መፈለጉ ልቤን ነካኝ። አሁንም ይነበባል፣ ከመስመሩ ሥር። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን አልኩ። ያኔ መቃብሯ ላይ አፌ ብሎት ነበር። ዛሬ እኔ አልኩት።

እሑድ፣ ጥር 25

ነገርኳቸው።

ጀማሉ ግቢ፣ ሁሉም ባሉበት። ቆሜ ነው የተናገርኩት። "ማዘጋጃ ቤቱ አላጓተተንም። ያጓተትኳችሁ እኔ ነኝ። የሀጀራን ማስረጃ አላስገባሁም ነበር። ዋሽቻችኋለሁ።"

መጀመሪያ ማንም አላመነኝም። ጀማሉ ቀልድ መስሎት መሳቅ ጀምሮ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ከራሱ ግቢ! ባጃጁ ሲነሳ ተሰማ።

ሰፍያ ተነሳች።

"ሁለት ክረምት፣ ጋሽ ሰማን! ሁለት ክረምት ጣሪያው እያፈሰሰብኝ ልጆቼን በተራ አስተኝቻለሁ። እኔስ ባል አልቀበርኩም? ለእኔ የታዘነ ሐዘን የለም?"

"አለ።"

"ታዲያ?"

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሰፍያ።"

ሊቀመንበርነቱን አስረከብኩ። ማህተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሰፍያ ራሷ ብድግ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "በርበሬም ማህተምም አንድ ላይ ይሁን" አለች። ማንም አልሳቀም። ግን የተቃወመም የለም።

ቤቴ ገብቼ ዙህርን ሰገድኩ። ሱጁድ ላይ ብዙ ቆየሁ። ቀለለኝ ልበል? አልቀለለኝም። ግን እጄ አልከበደኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ፈቃዱ ወጣ! ሃያ ሦስት ቀን ፈጀ። ሰርካለም ፕላኑን ይዛ መጣች። ስድስት ቤት በአንድ ወገን፣ ስድስት በሌላው፣ መሃል ሰፊ ሣር። ሰፍያ እንደ ሊቀመንበር ፊት ተቀምጣ አንድም መስመር ሳታልፍ ጠየቀች። ውሃው በየት? ፍሳሹስ? በርበሬ የማሰጣበትስ? ሰርካለም ላቧ እስኪወጣ መለሰች። እኔ ስመራ አንድም ቀን እንዲህ ጠይቄ አላውቅም። ማህበሩ ሰው ያገኘው አሁን ነው። ይህን ስጽፍ ቅር አይለኝም፣ ደስ ይለኛል እንጂ።

ብሎኬት የሚያቀርበው ያ ጎማ የፈነዳበት ሰውዬ ነው።

ጀማሉ አሁንም አያናግረኝም። ሰላምታ ይመልሳል፣ ከዚያ አያልፍም። አልፈርድበትም።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ዛሬ መሬቱ ላይ ገመድ ተወጠረ። ነገ መሠረት መቆፈር ይጀመራል፣ ቀነ ገደቡ ሃያ ሦስት ቀን ሲቀረው። አልሀምዱሊላህ።

ሰርካለም ፕላኑን ይዛ ከቦታ ቦታ እየዞረች፣ "የውስጡ ክፍል ስንት ይሁን?" እያለች ትጽፋለች። ባልና ሚስቱ ሁሉ ጭቅጭቅ ላይ ናቸው። ጀማሉና ሚስቱማ የሰው መሳቂያ ሆኑ። እሱ ሳሎን ይስፋ ይላል፣ እሷ ደግሞ፣ "ባጃጅህን ልታስገባበት ነው?" ትለዋለች። ሰፍያ ልጆቿን በዕድሜ ደርድራ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ ጭቃው ላይ በእንጨት ሥላ አሳየች።

የኔ ቦታ ላይ ብቻዬን ቆሜያለሁ።

"እርስዎስ ጋሼ? አንድ መኝታ ቤት ይበቃዎታል አይደል?"

ይበቃኛል ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል አሰብኳት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። አንድ ወንበር ብቻ...

"ሁለት አድርጊው" አልኩ።

"ሁለተኛው ለማን ነው? ለልጅዎ?"

"ለሚመጣ ሰው።"

ሰፍያ ከሦስት ቦታ ማዶ ሰማችና ጮኸች፦ "ኧረ ስሙልኝ! ጋሽ ሰማን ሊያገባ ነው!" ያ ሁሉ ሰው ገመዱን ጥሎ ሳቀ። ጀማሉም፣ ስድስት ሳምንት የዘጋኝ ጀማሉ፣ "ሽማግሌ ካስፈለገ ባጃጅ አለኝ፣ በነፃ!" አለ። ወደ እኔ ነው ያለው። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ።

እኔም ሳቅሁ። ድምፄን ሰምቼ ደነገጥኩ፣ የማን ሳቅ ነው ብዬ።

"ታዲያ የሚመጣውን ሰው ስም ምን ብዬ ልጻፍ?" አለች ሰርካለም፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች።

"ክፍት ተይው።"